ራስጌሽ ማንጎ ነው

አጥንቱን ያገኙት ቦይ ቆፋሪዎች ናቸው። ቀኑ ማክሰኞ፣ ወሩ ግንቦት፣ ዘመኑ 2005 ዓ.ም. ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት የሙዝ ማሳዎች በአንዱ፣ ከአንድ ያረጀ ማንጎ ሥር፣ አንዱ ቆፋሪ ዶማውን ሲያነሣ ቀይ ጫማ አብሮ ተነሣ። ጫማውን ወርውሮ ሊቀጥል ሲል ከሥሩ የእግር አጥንት አየ።

እኔና ሳጅን ኤርጫፎ ከላይኛው ከተማ፣ ከሴቻ፣ የወረድነው ረፋዱ ላይ ነው። ኤርጫፎ የካምባ ጋሞ ነው፤ እኔ ኢንስፔክተር ሀብተሚካኤል ደግሞ ከጎጃም መጥቼ እዚህ አርባ ምንጭ ወንጀል ስመረምር ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። ለሁለታችንም ጡረታ ለመውጣት አንድ ክረምት ቀርቶናል፤ ሁለታችንንም ጉልበታችንን ያመናል፤ ከመኪና ስንወርድም እኩል ነው የምናቃስተው። በዚያ ሙቀት የሙዝ ቅጠል እየገለጡ መሄድ የወጣት ሥራ ነው፤ ወጣቶቹ መርማሪዎች ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ።

ጉድጓዱ ጥልቅ አልነበረም። ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም ተንበርክኮ ብዙ ቆየ። ሴት ናት አለ፤ ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ የተሰበረ አጥንት የለም፤ ከተቀበረች አምስት ስድስት ዓመት ይሆናታል። ራሷ በማንጎው ግንድ በኩል፣ እግሯ ወደ ምሥራቅ ነው። ከዚያ አንድ ነገር በመቆንጠጫ አንሥቶ አሳየን። ከእግሯ አውራ ጣቶች አጥንት አጠገብ ሳይበሰብስ የቀረ ነጭ ክር ነበር። እጇ ጋም ሌላ ተመሳሳይ አገኘ። ክሩ የማዳበሪያ ጆንያ አፍ የሚሰፋበት ናይለን ነው።

ኤርጫፎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ ይቺ ልጅ ተገንዛለች» አለ።

እኔም የታየኝ ይኸው ነው። ገዳይ ሬሳ ይጥላል፤ ኩልፎ ደግሞ ጫሞ ሐይቅ፣ አዞ አፍ ድረስ የሚያደርስ ወንዝ ነው። ጣት አስሮ፣ እግሯን ወደ ፀሐይ መውጫ ዘርግቶ የሚቀብር ገዳይ በሃያ ሁለት ዓመት አላጋጠመኝም። ይህን ያደረገው ሰው አዝኖላታል። ካዘነላት ለምን ዝም አለ?

ከመሄዳችን በፊት ማሳውን ዞርኩት። ዳር ዳር ባሉት ዛፎች ግንድ ላይ፣ ጉልበት በሚደርስ ከፍታ፣ ከመኪና ጎማ የተቆረጡ ቁርጥራጮች በሚስማር ተመትተዋል። ምንድነው ብዬ ስጠይቅ ከርከሮ እንዳይገባ ድሮ የታጠረ ነው አሉኝ። እሺ ብዬ አለፍኩ። ስለ ከርከሮ የማስብበት ጭንቅላት አልነበረኝም፤ ልቤ ጫማው ጋ ነበር። ጫማውን አውቀዋለሁ።

*

በሰኔ 1999 ሻሺቱ የምትባል፣ አውቶቡስ ተራ ሙዝ የምትቸረችር ሴት ጣቢያ መጥታ ነበር። የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ፀደይ ከማሳ ሙዝ ላምጣ ብላ ጎህ ሳይቀድ ቅርጫት ይዛ ወጥታ አልተመለሰችም። ምን ተጫምታ ነበር ስላት «ቀይ ኮንጎ ጫማ» አለችኝ፣ ጻፍኩት። በዚያ ዘመን ልጃገረዶች ወደ ዓረብ አገር ይጎርፉ ነበር። በሳምንት ሁለት ሦስት እናት ታመለክታለች፤ ከወር በኋላ ከቤይሩት ስልክ ይደወላል። ሁለት ሳምንት ጠብቄ «በራሷ ፈቃድ ከአገር ሳትወጣ አልቀረችም» ብዬ መዝገቡን ዘጋሁት። ፊርማው የእኔ ነው፤ እንዲያውም አሳምሬ ነው የፈረምኩት።

ሻሺቱ አመነችኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ ስልክ ጠበቀች። በሕይወት ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነው ብላ አንዲት ቀን አላለቀሰችም።

አጥንቱ የተገኘ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጫማውን በጋዜጣ ጠቅልዬ ቤቷ ሄድኩ። አገላብጣ አየችው። ተረከዙ ላይ በጋለ ብረት የተጣበቀ ስንጥቅ አለው፤ ያጣበቀችው ራሷ ናት።

«አንዱስ?» አለች።

አልተገኘም አልኳት። እንባ ጠበቅሁ፣ አልመጣም። አስከሬኑ ለእሑድ ቀብር እንደሚሰጣት ነገርኳት። ያንን መዝገብ የዘጋሁት እኔ መሆኔን ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«የፈረምከው አንተ እንደሆንክ አውቃለሁ። እሱን አሁን ተወው። ልጄ እንዴት ሞተች?»

«ገና አላወቅሁም።»

«ታዲያ ምን ብዬ ላልቅስ? ለቅሶ እኮ አሟሟት ይነገርበታል። ታመመች ልበል? ገደሏት ልበል? ማን አጠገቧ ነበረ ልበል? እሑድ ሰው ተሰብስቦ እኔ አፌን ይዤ ልቀመጥ ነው? እስከ እሑድ አምጣልኝ።»

ጫማውን ለማስረጃ መልሼ መውሰድ ነበረብኝ። እሱን ከእጇ መቀበል ከሁሉም ከበደኝ።

*

ረቡዕ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ዋልን።

ሰፈርተኛው በአንድ አፍ ገነነን አለ። ገነነ ከኩልፎ ሙዝ በጋሪ የሚያመላልስ ሰው ነው። ፀደይን ይወዳት ነበር፤ ልጅቷ የጠፋች ሰሞን እሱም ጠፍቶ ከሦስት ወር በኋላ ነው የተመለሰው። ሴቶቹ ለስድስት ዓመት በጋሪው ሙዝ አናስጭንም ብለው አሳድመውበት ኖረዋል። ጣቢያ አስጠራሁት። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰበሰበ። ቅልጥሙ እንደ ጎበጠ እንጨት ጠሞ ድኗል። ፀደይ ከመጥፋቷ አራት ቀን ቀድሞ ጋሪው ተገልብጦበት ሶዶ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ የሆስፒታሉን ካርድ እስከ ዛሬ ይዞታል። ለምን ለሰው አላሳየህም ስለው፣ «ማን ጠየቀኝ ጋሼ? ሰው ከጀርባዬ ነው የሚያወራው» አለኝ።

ቀጥሎ ወደ ሴቻ ጫፍ ወጣን። በ1999 የማሳው ባለቤት አቶ ወልደየሱስ የሚባሉ፣ ያኔ በመንግሥት ሥራ ላይ የነበሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማሳውን ከሸጡት ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የአገሬ ሰው ናቸው፤ የሴቻ ሽማግሌ ሲጠራ ከፊት የሚጠሩ፣ ያስታረቁት ባልና ሚስት የማይቆጠር። በረንዳቸው ላይ አስቀመጡን። ከዚያ ሆኖ የአርባ ምንጭ ሁለቱም ሐይቆች ይታያሉ። ወሬው ቀድሞን ደርሷል፤ አዝነዋል። ልጅቷ የጠፋችበትን ሳምንት ሙሉ ለመሥሪያ ቤት ሥራ ካምባ ነበሩ። ገብተው የያኔውን የጉዞ ትእዛዝ ይዘው ወጡ፤ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ማኅተም አለው፣ ቀኑ ልክ ነው። አመስግነን ወረድን።

ኤርጫፎ መኪና ውስጥ፣ እኔ የጋብቻ ወረቀቴን እንኳ እንደዚያ ጠቅልዬ አላስቀመጥኩም አለኝ። ሰነፍ ስለሆንክ ነው ብዬ ቀለድኩበት። ማኅተም ያለው ወረቀት ካየሁ መጠየቅ አቆማለሁ፤ የቆየ ልማድ ነው።

*

ሐሙስ ጀንበር ስታዘቀዝቅ አንድ ሆቴል በር ላይ የተጠበሰ ዓሣ ይዘን ተቀመጥን። ከሆቴሉ ግቢ ሠርግ ነበር። ያ የታወቀው ዘፈን ተከፈተ።

ስለዚህ ዘፈን መናገር አለብኝ። በ2001 ፈቃደ የሚባል የሴቻ ሆቴሎች ዘፋኝ ያወጣው ነው። ከዚያ ወዲህ አርባ ምንጭ ውስጥ ያለ እሱ የተዳረች ሙሽራ የለችም። ሚኒባሱም፣ ጫማ ጠራጊውም፣ እኔም ፂሜን ስላጭ እሱኑ ነን። እንዲህ ይላል፦

ራስጌሽ ማንጎ ነው፣ ግርጌሽ ፀሐይ መውጫ፣
ነጭ ክር አሰርኩልሽ ለጣትሽ ማጌጫ።
ተኚ ግድ የለሽም፣ አልቀሰቅስሽም፣
አንድ እግር ጫማሽም እኔ ጋ አይጠፋሽም።

ሁሉም የተረዳው በአንድ መንገድ ነው። ቀለበት መግዛት ያቃተው ድሃ አፍቃሪ ለውዱ ጣት ክር አሰረላት፤ እሷም ከማንጎ ጥላ ሥር እንቅልፍ ወሰዳት። ጫማው ላይ ሲደረስ ሴቶቹ አንድ እግር ጫማቸውን አውልቀው ከራሳቸው በላይ ያውለበልባሉ። የአገሩ ወግ ሆኗል። በልጄ ሠርግ አንድ የአማርኛ መምህር አጠገቤ ተቀምጦ፣ ማንጎው መንግሥት ነው፣ የተኛችው አገር ናት እያለ ሰሙንና ወርቁን ሲፈትልኝ አመሸ። እንዲያውም ፈቃደን በዚሁ ጉዳይ ጠርተው የጠየቁት ሰዎች እንደነበሩ ሰምቻለሁ።

የዚያን ቀን የያዝኩት ዓሣ አፌ ሳይደርስ ቀረ። ኤርጫፎን አየሁት፤ እሱም መብላት አቁሟል። ማንጎ፣ ፀሐይ መውጫ፣ ነጭ ክር፣ አንድ እግር ጫማ። ሰምም የለው፣ ወርቅም የለው። ያለውን ነው ያለው። እኛ ነን ያልሰማነው።

በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። ሃያ ሠላሳ ሴት ጫማዋን ይዛ ትዘላለች።

*

ፈቃደን ቤቱ አገኘነው። ፀጉሩን ቀለም የሚቀባ፣ በዚያች አንዲት ዘፈን የሚኖር ሰው ነው። ግጥሙን የት ጻፍከው ስለው፣ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ ስለ መጀመሪያ ፍቅረኛዬ እያሰብኩ አለኝ። ለጋዜጠኛ ደጋግሞ የተናገረው ስለሆነ ምላሱ አልተደናቀፈም። የመቃብሩን ፎቶግራፍ ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደርኩለት፤ ማንጎውን፣ ክሩን፣ ጫማውን። በመጨረሻ አካፋውን የያዝከው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው ሲቀብራት ያየህ አልኩት።

አርባ ምንጭ የመጣው በ2000 መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ሆሳዕና ይዘፍን እንደነበር በእግዜር በመላእክት ማለ። ቆይቶ አንገቱን ደፋ። ግጥሙ የእሱ አይደለም። እንደመጣ ሰሞን ሙዝ ሊገዛ ኩልፎ ወርዶ፣ የማሳው ዘበኛ ሚስት ቦዩ ዳር ልብስ እያጠበች ስታንጎራጉር ሰማት። ግጥሙ ገረመው፤ ሦስት ቀን ተመላልሶ ከሙዙ መሐል እየሰማ በቃሉ ያዘው። ልጇን የምታስተኛ መስሎት ነበር።

ኤርጫፎ ሴትዮዋ ልጅ ነበራት ወይ ብሎ ጠየቀው። ፈቃደ አላየሁም አለ።

«ከበሮውን ተወውና እሷ እንዳለችው በለው» አልኩት።

ግድግዳውን እያየ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በቀስታ አለው። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ። እናቴ አልቃሽ ነበረች። በአገራችን ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላክባት እሷ ናት፤ በአንቀልባዋ ሆኜ የሰማሁት ዜማ ይሄ ነው። ሙሾ ነው። አዲሱ ዘመን ከበሮ ጨመረበትና እኔ የአልቃሽ ልጅ በልጄ ሠርግ ላይ እስክስታ ወረድኩበት።

ፈቃደ ሙሾ መሆኑን አላወቀም ነበር። ከተማ ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሙሾ ሟችን እንደ ሕያው እንደሚያናግር ማን ይንገረው? ስንወጣ ዘፈኑን ይወስዱብኛል ወይ አለኝ።

*

ዘበኛው ከሁለት ዓመት በፊት በወባ ሞቷል። ሚስቱን ለማግኘት ዓርብ ቀኑ ሙሉ ፈጀብን። ኤርጫፎ ከአንድ ጠባብ ግቢ ወጥቶ «ሴትዮዋ ቤት ውስጥ ነው፣ ጥጥ ይፈትላል» አለኝ፤ ሲደክመው በአማርኛ ወንድና ሴት ይቀላቀልበታል።

ስሟ ውቢት ነው። ስልሳ ዓመት ያልፋታል፤ ከጎጃም ከአቶ ወልደየሱስ ቤተሰብ ጋር በሠራተኝነት የመጣች ናት። መታወቂያዬን ሳሳያት እንዝርቷን ቁጭ አድርጋ ተነሣች፤ ከአልጋው ሥር የካርቶን ሣጥን ጎትታ፣ ከልብሶቿ ሥር በነጭ ሻሽ የተቋጠረ ነገር አወጣች። ቀይ ኮንጎ ጫማ ነው፤ የቀኝ እግር።

«ለእናቷ ይሰጥልኝ። በአደራ ነው የቆየው» አለች።

የሆነውን ሳትቸኩል ነገረችኝ። ከርከሮ ሙዙን እየፈነቀለ አስቸገረ። አቶ ወልደየሱስ ማሳውን ዙሪያውን በሽቦ አስከበቡት፤ ሽቦው የዛፉን ግንድ እንዳይነካ ከሥሩ ጎማ አስመቱ፤ ከውሃ መሳቢያው ጄኔሬተር ኤሌክትሪክ ለቀቁበት። ሁልጊዜ ሲጨልም እንዲበራ፣ ሲነጋ እንዲጠፋ ዘበኛውን አዘዙ፤ ለጎረቤት እንዳትናገሩ፣ ሌባም ይያዝበታል አሉ። ፀደይ የዘወትር መንገዷን ይዛ ጎህ ሳይቀድ መጣች። ቅርጫቷ እጇ ላይ እንዳለ ሽቦው ላይ ወደቀች።

አቶ ወልደየሱስ ተልኮባቸው በማግስቱ ሥራቸውን አቋርጠው ከካምባ መጡ። ጄኔሬተሩን ያበራኸው አንተ ነህ፣ የምትታሰረው አንተ ነህ አሉት ዘበኛውን። ወንዝ ውስጥ ጣሏት ሲሉ ውቢት እግራቸው ላይ ወደቀች። አጥቤ፣ ገንዤ ልቅበራት፣ ከዚያ አፌን እዘጋለሁ ብላ ለመነች። የቤት ክር አልነበረም፤ ከጆንያ ተረተረች። አንዱን ጫማዋን ከግርጌዋ አኖረች፤ ሌላው ሽቦው ሥር ወድቆ ኖሮ ያገኘችው ከቀበሯት በኋላ ነው።

«ሳይለቀስላት አፈር መግባቷ አላስተኛኝም። ማንንም ልጠራ አልችል። እኔው አለቀስኩላት» አለች።

ለምን ይሄን ያህል ዓመት ደበቅሽ አልኳት። እንደ ሕግ ሰው መጠየቅ ስላለብኝ ነው እንጂ አፍሬ ነበር።

«እኔ መቼ ደበቅሁ?» አለች። «በራዲዮ መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ሊይዙን ነው ብዬ ሦስት ቀን ደጅ አልወጣሁም። ማንም አልመጣም። አገሩ ሁሉ ቃል በቃል ሲለው ነበር፤ ኑና ጠይቁኝ እያልኩ በየሠርጉ በር ቆሜ አይቻችኋለሁ። እርስዎንም አይቻለሁ፣ ልጅዎን ሲድሩ።»

*

ቅዳሜ ጠዋት በአቶ ወልደየሱስ በረንዳ ላይ እንደገና ተቀመጥን። ያቺን ወረቀት ሊያመጡ ሲነሡ ተቀመጡ አልኳቸው።

«ያን ሌሊት ካምባ እንደነበሩ አምናለሁ። ሽቦው ግን ካምባ አልሄደም።»

ብዙ አልተከራከሩኝም። ቡናማ ከዘራቸውን እያሻሹ ሐይቁን ያዩ ነበር። አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በልጄ ሠርግ ያ ዘፈን ሲከፈት ብድግ ብለው የወጡ እሳቸው ብቻ ነበሩ። መንፈሳዊ ሰው ናቸው፣ ዓለማዊ ዘፈን አይወዱም ተባለ፤ እኔም በር ድረስ በአክብሮት ሸኘኋቸው። ከጋበዝኩት ሰው ሁሉ የዘፈኑን ትርጉም የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱን እጅ ነሥቼ ሸኘሁት።

«አልገደልኳትም» አሉ በመጨረሻ። «አደጋ ነው።»

«ሽቦው አደጋ ይሁን። ስድስት ዓመቱስ?»

ከዘራቸውን ለኤርጫፎ ሰጥተው ተነሡ። በእኛ በጋሞ የተሸሸገ በደል ጎሜ ነው፣ ዞሮ ልጅ ላይ ይወድቃል አላቸው ኤርጫፎ፣ በቁጣ ሳይሆን መንገድ እንደሚጠቁም ሰው። የቀረው የዓቃቤ ሕግ ሥራ ነው። እኔ ደስ አላለኝም፤ ደከመኝ እንጂ። ወረቀት የጠቀለሉት እሳቸው፣ መዝገብ የዘጋሁት እኔ። በአንድ ልጅ ላይ ሁለታችንም ማኅተም መትተናል።

*

እሑድ ከቀብር በፊት ለሻሺቱ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽቦውን፣ ጎህ ሳይቀድ መሆኑን፣ ብዙ እንዳልተሰቃየች ሐኪሙ መናገሩን። እስከ መጨረሻው ሰምታ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ማን አጠባት? በሩ ላይ የቆመችውን ውቢትን አሳየኋት። ውቢት እንድትመጣ የጠየቀችኝ ራሷ ናት፤ ብትወግረኝም መብቷ ነው ብላ ነበር።

ሻሺቱ አልወገረቻትም። አጠገቧ ካለው መደብ ሰው አስነሥታ አስቀመጠቻት። ይቅር አለቻት ለማለት አልደፍርም። የምትፈልጋት ለሌላ ነው።

«አንቺ እንዳልሽው በይልኝ» አለቻት።

ዳሱ በሙዝ ቸርቻሪ ሴቶች ተሞልቷል። ገነነም ከወንዶቹ በኩል እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል። ውቢት ደረቷ ላይ እጇን አድርጋ በቀስታ ጀመረች። ራስጌሽ ማንጎ ነው ስትል ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ነጭ ክር ላይ አንዷ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ውቢት አራተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ፣ ከፊት የተቀመጠች አንዲት ወጣት እጇ ሳታስበው ወደ ጫማዋ ሄደ። የአራት ዓመት ልማድ ነው። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች፤ ሁሉም አየ።

ሻሺቱም አይታለች።

«ምን ሸሸሽ?» አለቻት። «እኔም አውልቄ ጨፍሬበታለሁ። በጎረቤቴ ልጅ ሠርግ፣ ከሁሉ በላይ የዘለልኩት እኔ ነበርኩ። ፀደይ ከዓረብ አገር ስትመጣ በዚህ ነው የምድራት እያልኩ።»

ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች፣ ሁለቱንም። ባዶ እግሯን አፈር ላይ አቆመች። ሁለቱን ቀይ ጫማዎች፣ እኔ የመለስኩላትንና ውቢት በአደራ ያቆየችውን፣ ጎን ለጎን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ሴቶቹም አንድ በአንድ ጫማቸውን አወለቁ፤ ከወንዶቹም በኩል እንዲሁ ሆነ። እኔም ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር መፍታት ጀመርኩ፤ ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ ኤርጫፎ ክንዴን ያዘኝ።

ከዚያ ሻሺቱ ስድስት ዓመት ያቆየችውን ለቅሶ አለቀሰች።